«ዝሆኔ» ለፈረስ እግር ስያሜ ይሆናልን?

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻና በአካባቢው ባለው የጋሞ ደጋ፣ በአማርኛ «ዝሆኔ» ሲባል የሚታሰበው የሰው እግር ሕመም ነው። ይህን ቃል ለፈረስ መዋስ ተገቢ መሆኑን እንመርምር።

በባሕር ማዶ እንደ ሻየርና ክላይድስዴል ያሉ፣ ኮቴያቸውን ረጅም ጠጉር የሚሸፍነው ከባድ ፈረሶች አሉ። ስለ እግራቸው ቆዳ የተጻፈ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሦስት ሕመሞች መለየት አለባቸው።

አንደኛው «እከክ» ነው። በጠጉሩ ሥር ጥቃቅን ተባዮች ሲራቡ ፈረሱ መሬቱን በኮቴው ይመታል፤ እግሩን ይነክሳል። ተላላፊ ስለ ሆነ አብረው የዋሉት ፈረሶች ሁሉ ይታከማሉ፤ ጉዝጓዙም ይለወጣል።

ሁለተኛው «የጭቃ ቁስል» ሊባል የሚችለው፣ ከእርጥበት የሚመጣውና ቅርፊት የሚያወጣው ነው። ይህን «እከክ» ብሎ መተርጐም ባለ ፈረሱን ወደ ተባይ መድኃኒት ይመራዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ማጠብ፣ በሚገባ ማድረቅና ከረግረግ ማራቅ ነው።

ሦስተኛው የሊምፍ ፈሳሽ ተጠራቅሞ እግሩን የሚያሳብጥ፣ ቆዳውን የሚያወፍርና የሚያጣጥፍ ሕመም ነው። አይድንም፤ በእንክብካቤ ግን ይገታል። መልኩን ያየ ተርጓሚ «ዝሆኔ» ለማለት ይቸኩላል።

በጋሞ ደጋ የሚታየው የሰው ሕመም ግን በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፤ ጫማና የእግር ንጽሕና ይከላከሉታል። ሆኖም «ይጋባል» በሚል እምነት ሕሙማን ከጋብቻና ከማኅበር ይገለላሉ። ስሙን ከእከክ ጐን ለፈረስ ብንሰጠው ይህንኑ እምነት እናጸናለን። ስለዚህ «የፈረስ እግር ሊምፋዊ እብጠት» የሚለውን አቻ እናቀርባለን።