ትከሻና ጠመንጃ

በአገራችን ስለ ጠመንጃ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስሙ ነው። ውጅግራ ነው? ለበን ነው? ቤልጅግ ነው? የያዘው ሰው ትከሻ ምን ያህል ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ግን እኛን እስካሁን አልገጠመንም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህንኑ የተረሳ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰውነቱ ትንሽ የሆነና የጠመንጃን ርግጫ የሚፈራ ጀማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አደን ሲወጣ ምን ዓይነት ጠመንጃ ቢይዝ ይሻለዋል የሚለውን ነው።

ነገሩን ያነሣሣው ከሻንቶ የመጣ አንድ ጓደኛችን ነው። ክብደቱ 50 ኪሎ ቢሞላ ነው። አጎቱ ለዕረፍት ሲመጣ ተኩስ ሊያስተምሩት ተስፋ ሰጥተውታል፤ የሚያስተምሩትም ከአባታቸው በወረሱት ረጅም ጠመንጃ ነው። ጓደኛችን ግን ባለፈው ክረምት አንድ ጊዜ ብቻ ተኩሶ ትከሻው ለሳምንት ጠቁሮ ስለ ነበር፣ መጀመሪያ ከእኛ ጋር መምከር ፈለገ። እኛም የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ብንሆንም መጠየቅና ማንበብ አላቃተንም።

አጎትየውን መውቀስ አይገባም። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወደ ወላይታ በዘመተ ጊዜ የንጉሥ ጦና ሰዎች በአብዛኛው የተዋጉት በጦርና በጋሻ ነበር። ጠመንጃ ያለውና የሌለው ሰው ልዩነት በዚያ አገር በደም የተማሩት ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ጠመንጃ ትልቅ ክብር ቢመስል አይገርምም። ክብሩ ግን በጀማሪ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት።

ባሩዱ ሲቃጠል አረሩን ወደ ፊት ይገፋል፤ ያው ግፊት ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከኒውተን ሕግ የወጣ ነገር የለም። እንግዲህ አረሩ ሲከብድ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር፣ ባሩዱም ሲበዛ ርግጫው ይበረታል፤ ጠመንጃው ራሱ ሲከብድ ደግሞ ርግጫው ይቀንሳል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳዮቹ የ1874 (እ.ኤ.አ.) ግራ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ አረሩ 25 ግራም ያህል ይመዝናል። የዚህን ርግጫ 100 ብንለው፣ በ7.92 ጥይት የሚተኩሰው ቤልጅግ 80 ገደማ ይሆናል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ይዘውት የመጡት 6.5 ሚሊ ሜትር ካርካኖ 50 አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው .243 ዊንቸስተርም እንዲሁ ከ50 በታች ነው። .22 የሚባለው ትንሹ የልምምድ ጥይት ግን 1 እንኳ አይደርስም። ቁጥሮቹ በጠመንጃው ክብደትና በጥይቱ ዓይነት ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

አንዳንዱ «ትከሻ ይለምዳል፣ ወንድ ልጅ ይችለዋል» ይል ይሆናል። ትከሻስ በእርግጥ ይለምዳል። የማይለምደው ዓይን ነው። ርግጫ የፈራ ሰው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋል፤ አፈሙዙም ዝቅ ይላል ወይም ወደ ጎን ይሸሻል። ይህ ከጉብዝናና ከፈሪነት ጋር የሚያገናኘው የለም። ሰውነት አንድ ጊዜ የተመታበትን ነገር አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ከትንሽ እስከ ትልቅ ሰው ያው ነው። ከዚህም የሚከተለው ድኩላዋ በሳንባዋ ፈንታ በሆዷ ትመታለች፤ ጫካ ገብታም ሁለት ቀን ስትሠቃይ ቆይታ ትሞታለች። ወይም ጥይቱ ጨርሶ ይስታታል። የሳተ የጠመንጃ ጥይት ደግሞ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ሻንቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ያስባል። ከቤት ቤት፣ ከእንሰት እንሰት የተቀጣጠለ አገር ነውና የሳተ ጥይት የሚያርፍበት ባዶ መሬት በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አደን የሚታሰበው ሕዝቡ ሳሳ ወደሚልበት ወደ ቆላው ወርዶ ነው፤ እርሱም በሕግ ነው። ጠመንጃ ለመያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ለማደን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ድኩላ አየሁ ብሎ መተኮስ የአያቶቻችን ዘመን ነገር ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ለትንሽ ሰው አጭርና ቀላል ጠመንጃ ይሻላል የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ እኛም ስንሰማው ራሳችንን ነቅንቀን ነበር። ነገር ግን ከላይ ያለውን ሕግ መለስ ብሎ ማየት ነው፦ ያው ጥይት ከ4 ኪሎ ጠመንጃ ይልቅ ከ3 ኪሎ ጠመንጃ ሲተኮስ የርግጫው ኃይል በሲሶ ይጨምራል። አፈሙዙ ሲያጥር ደግሞ ድምፁና ነበልባሉ ወደ ፊት ይቀርባል። ለጀማሪ ከትከሻው ግፊት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ይህ ጩኸት ነው። ስለዚህ መቀነስ ያለበት የጥይቱ ኃይል እንጂ የጠመንጃው ክብደት አይደለም። በእርግጥ ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል ተሸክሞት የሚዞረው ራሱ ነውና ክንዱ እንዳይንቀጠቀጥ ልኩን ማወቅ አለበት። ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ለጆሮም መከላከያ መግዛት ነው። ቢጠፋ ጥጥ ከባዶ ጆሮ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን ለዋናው መከላከያ ምትክ አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ሰደፉ ነው። የወታደር ጠመንጃ ሰደፍ የተሠራው ለመካከለኛ ወታደር ነው። ክንድን አጥፎ የሰደፉን ጫፍ በክርን እጥፋት ውስጥ ሲያስቀምጡት አመልካች ጣት ምላጩ ላይ ያለ ችግር መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሰደፉ ረዝሟል ማለት ነው። የረዘመ ሰደፍ ከትከሻው ጉድጓድ ወጥቶ በክንድ ጡንቻ ላይ ያርፋል፤ የጓደኛችን ትከሻ የጠቆረውም በዚህ ይመስለናል። ጥሩ ሠራተኛ ሰደፉን ጥቂት ቆርጦ ከኋላው ጎማ ቢያደርግለት ግማሹ ችግር ይቃለላል። የአያትን ጠመንጃ ማን ይቆርጣል? አጎትየው እንደማያስቆርጡ እኛም እናውቃለን። ለዚያም ነው ሌላ ጠመንጃ የምንፈልገው። በዚያ ላይ ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ ዛሬ ባለው ኃይለኛ ባሩድ የተሞላ ጥይት ማጉረስ ለተኳሹ አደገኛ ነው።

ትንሽ ጥይት ይገድላል ወይ? የሚል ጥያቄ ይመጣል። ዋልተር ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ አዳኝ ከ1000 በላይ ዝሆኖች የገደለ ሰው ነው። በአገራችን ምዕራብ በጊሎ ወንዝ አካባቢም አድኗል። አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር፤ ጓደኞቹ በእጥፍ የሚበልጥ መሣሪያ ይዘው ሲዞሩ ማለት ነው። ምሥጢሩ አረሩ የት እንደሚያርፍ ማወቁ ነው። ጀማሪ ግን ቤልን አይቶ በትንሽ ጥይት ትልቅ አውሬ ልግጠም እንዳይል፤ ቤል ያን የቻለው ዕድሜ ልኩን ተኩሶ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ሌላው ምሳሌ የስዊድንና የኖርዌይ አዳኞች ናቸው። ከበሬ የማያንሰውን የአገራቸውን አጋዘን ለብዙ ዓመት በ6.5 ሚሊ ሜትር ሲያድኑ ኖረዋል። ከ80 ኪሎ ለማታልፍ ድኩላ ምን የበለጠ ያስፈልጋል?

ክላሽ የለመደ ወጣት «እኔ ርግጫ አልፈራም» ሲል እንሰማለን። ክላሽ ጥይቱ አነስተኛ ስለሆነ ብዙም አይራገጥም፤ ነገር ግን የጦር መሣሪያ ነው። አንዱ ቢስት ሌላው ይከተላል የሚያሰኘው ልማዱም ለአደን አይሆንም።

እንግዲህ ለጓደኛችን የመከርነው እንዲህ ነው። ፈቃዱን ካገኘ በኋላ መጀመሪያ በ.22 ኢላማ ይተኩስ፤ 200 ጥይት ቢጨርስ አይጎዳውም። ከዚያ በኋላ ወደ .243 ወይም ወደ 6.5 ይለፍ፤ ምርጫውን የሚወስነው ጥይቱ የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ጥይት የማይገኝለት ጠመንጃ ዱላ ነውና። ካርካኖ ካገኘ ጠመንጃ የሚያውቅ ሠራተኛ አፈሙዙንና መዝጊያውን ሳያይለት አይተኩስ። ሲተኩስም ተቀምጦ ወይም ቆሞ ይጀምር እንጂ አይተኛ፤ የተኛ ሰውነት ወደ ኋላ ስለማይወዛወዝ ርግጫውን ሁሉ ትከሻ ብቻ ይቀበላል። በአንድ ቀን ከ10 ወይም ከ15 ጥይት በላይ በትልቁ አይተኩስ።

ፍርሃቱ መልቀቁን ማወቂያ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ተኳሹ ሳያይ አጎቱ ጠመንጃውን ያጉርሱለት፤ አንድ ጊዜ እውነተኛ ጥይት፣ ሌላ ጊዜ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ፣ ቅደም ተከተሉን እየለዋወጡ። አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ኢላማው ይሁን። ባዶው ቀለህ ላይ ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ ከዘለለ ገና ይፈራል ማለት ነው፤ ወደ .22 ይመለስ። አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ከቀረ ግን ወደ ቆላው መውረድ ይችላል።