ፋይሉ ሲሻገር፦ የባይነሪ ንባብና ጽሕፈት ፍተሻ

የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፍለጋ ተጀመረ። ከተገኙት አንዱ ዛሬም ጅማ ዙሪያ የሚተከለው 74110 ነው። የሚጠራው በቁጥር ሲሆን መነሻው ላይ ያለው 74 እናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታል። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ላይ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል 74112፣ 74140፣ 74158 ተብለው የሚጠሩ ሌሎችም ዝርያዎች አሉት።

ይህን ቁጥር ኮምፒውተር ፋይል ውስጥ እናስቀምጠው እንበል። ፋይሉን ነገ ሌላ ማሽን ይከፍተዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ዛሬ ገና ያልተሠራ ማሽን። ሁሉም 74110 ብለው እንዲያነቡት ምን ያስፈልጋል? ፋይል የሚጽፉና የሚያነቡ ላይብረሪዎችን የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ብዙ የሚደክሙት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። የዛሬው ትውውቃችንም መልሱ ትክክል መሆኑን ከሚያረጋግጠው ፍተሻ ጋር ነው።

ባይነሪ ፋይል ምንድን ነው?

74110ን በጽሑፍ ፋይል ስናስቀምጥ ሰባት፣ አራት፣ አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ የሚሉ አምስት ምልክቶች ይጻፋሉ፤ ማንም ከፍቶ ያነባቸዋል። በባይነሪ ፋይል ግን የሚጻፈው ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያስብበት ዋጋ ነው። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ይይዛል፤ ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ለበርካታ ባይቶች ይከፋፈላል። 74110 በአራት ባይት ሲጻፍ 0፣ 1፣ 33፣ 126 ይሆናል። ስሌቱ ይህ ነው፦ 1 በ65,536፣ 33 በ256 ይባዛል፤ 126 ይደመርበታል።

ፎቶ፣ ሙዚቃ፣ የባንክ ዳታቤዝ፣ የሳተላይት ምስል ሁሉም ባይነሪ ናቸው። ቦታ ይቆጥባሉ፣ በፍጥነትም ይነበባሉ። ችግሩ ባይቶቹ ስለራሳቸው ምንም አለመናገራቸው ነው። ስንት ባይት አንድ ቁጥር እንደሚሆን፣ የትኛው ባይት እንደሚቀድም፣ ቁጥሩ አሉታዊ ሊሆን ይችል እንደሆነ ጸሐፊውና አንባቢው አስቀድመው መስማማት አለባቸው።

የባይት ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው አለመግባባት እዚህ ይነሳል። ላፕቶፖቻችን ውስጥ ያሉት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ትንሹን ባይት አስቀድመው ያስቀምጣሉ፦ 126፣ 33፣ 1፣ 0። የስልኮቻችን ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። የአይቢኤም ሜይንፍሬሞችና የድሮዎቹ ፓወርፒሲ ማኪንቶሾች ግን ትልቁን ያስቀድማሉ፦ 0፣ 1፣ 33፣ 126። ላፕቶፕ የጻፈውን ፋይል ሜይንፍሬሙ በራሱ ልማድ ቢያነበው 74110 መሆኑ ይቀርና 2,116,092,160 ይሆናል። ማሽኑ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ የትኛውም አራት ባይት ለእሱ ሕጋዊ ቁጥር ነውና።

ፊደላችንም ከዚህ አያመልጥም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። በአባ ጅፋር ዘመን በሐሙስ ገበያው የታወቀውን፣ ዛሬ ጅማ ያለችበትን የሄርማታን ስም በዩቲኤፍ-16 እንጻፈው፤ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይወስዳል። «ሄ» 18 እና 4 ነው። አንባቢው ባይቶቹን ቢገለብጣቸው 4 እና 18 ይሆኑና የሩሲያውያኑ «В» ይወጣል። «ር» ወደ ጥንታዊ የጆርጂያ ፊደል፣ «ማ» ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባሊ ደሴት ወደሚጻፍበት ፊደል፣ «ታ» ወደ ቻይንኛ ይለወጣል። የአራት ፊደል ስም ወደ አራት አገር ጽሕፈት ይበተናል። በዩቲኤፍ-8 ግን ይህ አይደርስም፤ የባይቶቹ ተራ በደንቡ ውስጥ ተወስኗል። «ሄ» የትም ቢጻፍ 225፣ 136፣ 132 ነው።

ሄርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ የየአገሩን መስፈሪያ ይዞ ቢቀመጥ ግብይት አይኖርም፤ ገበያው የሚቆመው ሁሉም በሚያውቀው አንድ መስፈሪያ ነው። ተሻጋሪ ፎርማትም እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ በውስጡ የፈለገውን ይልመድ፣ ፋይሉ ላይ ግን በስምምነቱ ይጽፋል።

ስፋት፣ ክፍተትና የመስመር መጨረሻ

ሁለተኛው ችግር ስፋት ነው። ሁለት ባይት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 65,535 ነው። ዝርያዎቹን በሁለት ባይት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ቢጻፍ 74110 ዞሮ 8574 ይሆናል። ሲ እና ሲ++ ውስጥ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት ደግሞ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት፣ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት ነው። ኮዱ አንድ፣ ፕሮሰሰሩ አንድ፣ ፋይሉ ግን ሁለት ዓይነት ይሆናል።

ክፍተትም አለ። ባለ አንድ ባይት የቡና ደረጃና ባለ አራት ባይት ክብደት አንድ ላይ ሲቀመጡ አምስት ባይት የሚሆኑ ይመስላል። ኮምፓይለሩ ግን ለፍጥነት ብሎ አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው ሦስት ባዶ ባይት ይጨምርና ስምንት ያደርጋቸዋል። ሜሞሪውን እንዳለ ወደ ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራመር እነዚያን ባዶ ባይቶችም አብሮ ይጽፋል።

ሦስተኛው ችግር ዊንዶውስ ላይ የሚታወቅ ነው። 10 ቁጥር በጽሑፍ ውስጥ የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው። ፋይሉ በባይነሪ ፈንታ በጽሑፍ ሁነታ ከተከፈተ፣ ሲጻፍ በእያንዳንዱ 10 ፊት 13 ይገባል። 10 ጆንያ በሁለት ባይት 10፣ 0 ነበር፤ አሁን 13፣ 10፣ 0 ሆነ። አንባቢው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወስዶ 2,573 ጆንያ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ባይት ይንሸራተታል። የፒኤንጂ ምስል ፎርማትን የነደፉት ሰዎች ይህን አስበውበታል። እያንዳንዱ የፒኤንጂ ፋይል 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 ብሎ ይጀምራል። በመንገድ ላይ የመስመር መጨረሻውን የነካካ ካለ መጀመሪያ የሚበላሹት እነዚህ ባይቶች ናቸው፤ አንባቢውም ገና በሩ ላይ ያውቀዋል።

ፍተሻው እንዴት ይሠራል?

ብዙዎቻችን የምንጽፈው ፍተሻ «ጻፍ፣ መልሰህ አንብብ፣ አወዳድር» የሚል ነው። ያስፈልጋል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በአንድ ማሽን ላይ ጸሐፊው ባይቶቹን ቢገለብጥ አንባቢውም ገልብጦ ስለሚያነብ ሁለቱ ስህተቶች ይጣፋሉ፤ ፍተሻው «አልፏል» ይላል፣ ፋይሉ ግን ከዚያ ማሽን ውጭ ዋጋ የለውም።

መፍትሔው ባይቶቹን በእጅ አስልቶ ፍተሻው ውስጥ ማስፈር ነው። ፎርማቱ ትልቁን ባይት የሚያስቀድም ከሆነ፣ 74110 ሲጻፍ የሚወጣው በትክክል 0፣ 1፣ 33፣ 126 መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያም ቀደም ሲል የተጻፉ የናሙና ፋይሎች ከኮዱ ጋር ይቀመጡና እያንዳንዱ አዲስ የላይብረሪው እትም እንዲያነባቸው ይገደዳል። የናሙና ፋይል አንዴ ከገባ በኋላ አይነካም። አዲሱ ኮድ ካላነበበው የሚታረመው ኮዱ ነው።

የሚፈተኑት ዋጋዎችም ይመረጣሉ። 0፣ 1፣ -1፤ 127 እና 128፤ 255 እና 256፤ 65,535 እና 65,536 ድንበር ላይ ያሉ ናቸው። 10፣ 13 እና 26 የጽሑፍ ሁነታን ያጋልጣሉ። 225ም አይቀርም፤ ባይትን አሉታዊ ሊሆን እንደሚችል ቁጥር የሚቆጥር ኮድ -31 ብሎ ያነበዋል፤ አብዛኛው የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የሚጀምረውም በዚሁ ባይት ነው። ለነጥብ ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአይትሪፕልኢ 754 ደንብ አለ። 11.5 ከመቶ የሆነ የቡና እርጥበት በአራት ባይት 65፣ 56፣ 0፣ 0 ነው። ወሰን የለሽ ዋጋና «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለው ልዩ ዋጋም መሻገር አለባቸው።

የተበላሸ ፋይልም ይሞከራል። ደህናው ፋይል ከአንደኛው ባይት በኋላ፣ ከሁለተኛው በኋላ እያለ ይቆረጣል፤ ላይብረሪው በእያንዳንዱ ቦታ ስህተት መኖሩን መናገር አለበት። ባዶውን በዜሮ ሞልቶ ዝም የሚል ላይብረሪ አደገኛ ነው፤ ያልተመዘነ ቡና ዜሮ ኪሎ ሆኖ ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ ትልቁን ባይት በሚያስቀድም ማሽን ላይ ማስኬድ ይቀራል። ለዚህ ሜይንፍሬም መግዛት አያስፈልግም። ኬሙ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የአይቢኤሙን ፕሮሰሰር ተራ ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ ያሠራል። ዝግ ይላል፤ ለፍተሻ ግን ይበቃል።

የተሠራ መንገድ አለ

ይህን ሁሉ ከዜሮ መጀመር ግዴታ አይደለም። ቡስት ሲሪያላይዜሽን የተባለው የሲ++ ላይብረሪ የባይነሪ መዝገቡ ከማሽን ማሽን እንደማይሻገር በሰነዱ ያስጠነቅቃል፤ ሲሪያል የተባለው ሌላው ላይብረሪ ተሻጋሪ የሆነውን ለይቶ ያቀርባል። የጃቫው ዳታአውትፑትስትሪም ሁልጊዜ ትልቁን ባይት ያስቀድማል። በፓይተኑ ስትራክት ሞጁል ቅደም ተከተሉን በአንድ ምልክት መወሰን ይቻላል። ተመራማሪዎች የሚያዘወትሩት አር ደግሞ ባይነሪ ሲያነብና ሲጽፍ ቅደም ተከተሉን እንድንነግረው ይፈቅዳል።

ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሶፍትዌር የሚማር ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ለቡና መዝገብ ቢያውል ሦስት ነገሮች ይበቁታል። አንደኛ፣ ፎርማቱን የሚገልጽ አንድ ገጽ ሰነድ፦ ስንት ባይት፣ በየትኛው ተራ፣ ክብደቱ በኪሎ ነው ወይስ 17 ኪሎ በሆነው ፈረሱላ። ሁለተኛ፣ በእጅ የተሰሉ ባይቶች ያሉበት ፍተሻ። ሦስተኛ፣ የማይነካ የናሙና ፋይል። ሁሉም የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ይህን የሠራ ተማሪ ሲመረቅ ፕሮግራሙ ቢረሳ እንኳ መረጃው አይጠፋም፤ ሰነዱን ያገኘ ሌላ ሰው በየትኛውም ቋንቋ አዲስ አንባቢ ጽፎ፣ በናሙናው ፈትሾ፣ ካቆመበት መቀጠል ይችላል።