ሽማግሌ ካስታረቀ በኋላ የሚቀረው

ነቀምቴ ውስጥ ስለ ውስጥ ሕመም ወሬ ሲነሳ አብሮት የሚመጣው ጥያቄ ብዙም አይለወጥም፦ ሽማግሌ እያለ፣ ጸበል እያለ፣ ጸሎት ቤት እያለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ምን ይጨምራል? ጥያቄው የንቀት አይደለም። በወለጋ ከሐኪም በፊት ችግርን የሚያዳምጡ ሰዎች ሞልተዋል። ጃርሳ ቢያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች የባልና ሚስት ጠብ ያበርዳሉ፤ የፈሰሰ ደም በጉማ ሥርዓት ይታረቃል። የመካነ ኢየሱስ መጋቢም ሆነ የኦርቶዶክሱ የንስሐ አባት በሳምንት የሚሰማውን ገመና ብዙ አማካሪ በዓመት አይሰማውም።

ዘመናዊው ሕክምና ግን ሩቅ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደምቢ ዶሎ ለሚነሳ ደግሞ የዚያ እጥፍ ግድም። ያን መንገድ የሚጓዘው የለየለት፣ አንዳንዴም እጁን ታስሮ የሚወሰድ ሕመምተኛ ነበር። እንቅልፍ ያጣች እናት፣ ከሚስቱ ጋር ቃል መለዋወጥ ያቆመ አባወራ አማኑኤልን አያስቡትም። የአእምሮ ሕክምና ከእብደት ጋር ተጣብቆ የቀረው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሳይካትሪ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለትምህርቱ ባሕር መሻገር ያስፈልግ ነበር። ባለሙያ ከተገኘም በኋላ ተራው ረጅም፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ ታካሚው በአብዛኛው ይዞ የሚወጣው የመድኃኒት ወረቀት ነው። ቁጭ ብሎ መነጋገር ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑን ያየ ሰው ጥቂት ነው።

ሸክሙ ግን ከብዷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከአጎራባቹ ካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ወለጋ ከተሞች ጎረፉ። በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የቀጠለው ግጭት በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል የተቋረጠበትን ጊዜ ጨመረበት፤ ሰው የልጁን ደኅንነት ሳያውቅ አደረ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ተገደሉ። ከኦሮሞውም ከአማራውም ቤቱን ጥሎ የወጣው ብዙ ነው።

ለእንዲህ ያለ ቁስል የሽማግሌ ጥያቄ ‹ማን በደለ? ምን ይካስ? እንዴት አብረው ይኑሩ?› የሚል ነው። ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ያለ እሱ ሰፈር አይቆምም። ሽምግልና ግን ጉዳዩን ዘግቶ ይነሳል። ሌሊት የሚያባንነው ሕልም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚዘልለው ልብ፣ ‹እኔ ለምን ተረፍኩ› የሚለው ጸጸት በእርቅ ቃል አብሮ አይዘጋም። የግል የምክር ሕክምና የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባለሙያው አይፈርድም፣ አያስታርቅም፣ ‹ተጽናኑ› ብሎም አይሸኝም። ታካሚው የሸሸውን ትዝታ በራሱ ፍጥነት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርክ ያግዘዋል፤ ያለፈው ነገር ዛሬ እየደረሰ ያለ መምሰሉን እንዲያቆም። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። አደጋ በደረሰ ማግስት ሰውን ሰብስቦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማናዘዝን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክርም።

‹ይህ የፈረንጅ ነገር ነው› ለሚል በኡጋንዳ የተካሄደ አንድ ጥናት ጥሩ መልስ አለው። በ1995 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመው በዚህ ጥናት፣ በራካይና በማሳካ 30 መንደሮች ውስጥ፣ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ለሁለት ሳምንት ያህል ሠልጥነው በድብርት የተያዙ ጎረቤቶቻቸውን ለ16 ሳምንታት በቡድን አወያዩ። የተነጋገሩት እንደ ሐዘን፣ ጠብና የኑሮ መለወጥ ባሉ ነገሮች ላይ ነበር። በመጨረሻ ከተሳታፊዎቹ በድብርት የቀሩት ከመቶ ሰባት የማይሞሉ ሲሆኑ፣ ውይይቱ ባልደረሰባቸው መንደሮች ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። በሐራሬም የሳይካትሪ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አሮጊቶችን አሠልጥነው የሰውን ችግር እንዲያዳምጡ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ እነዚያ እናቶች በጥናት የተፈተነ ውጤት አሳይተዋል። ዕድሜና ተደማጭነት ያላቸው ሰዎች በወለጋ አይጠፉም። የሚጎድለው ሥልጠናውና የባለሙያ ክትትሉ ነው።

የጥንዶች ሕክምና ከዚህ ይለያል፤ በእኛ ዘንድም በጣም የሚሸሸው እሱ ነው። ቡናውንና እርሻውን ጥሎ የመጣ ባል እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ሚስት ጉልት ወጥታ ቤቱን ስትይዝ፣ የማን ጥፋት እንደሆነ ሳይታወቅ ቤቱ ይበርዳል። እሷ ስትናገር እሱ ይወጣል፤ እሱ ሲወጣ እሷ ድምፅዋን ታነሳለች፤ ድምፅዋ ሲነሳ እሱ ጨርሶ ያመሻል። ካናዳ ውስጥ በ1970ዎቹ የተጀመረው ስሜት ተኮር የጥንዶች ሕክምና የሚይዘው ይህን አዙሪት ነው። አማካሪው ማን ልክ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ከቁጣው ሥር ያለውን ፍርሃት፣ ከዝምታው ሥር ያለውን ኀፍረት እርስ በርስ እንዲሰሙ ያደርጋል። ሽማግሌ አንዳንዴ ሴቲቱን ‹ቻይው› ብሎ መመለሱ ከዚህ ጋር ሲተያይ፣ የትኛው ይበልጥ ቤት እንደሚያቆም አንባቢ ይፍረድ። አንድ ወሰን ግን አለ፦ ዱላ ባለበት ቤት ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ መጀመሪያ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሴቲቱ ለብቻዋ ተሰምታ ደኅንነቷ ይቅደም።

ቋንቋም ጉዳይ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተሙት በ1891 ዓ.ም. ነበር፤ ሰው ከልቡ የሚሰማው በእናቱ ቋንቋ መሆኑ ለነቀምቴ አዲስ ነገር አይደለም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተማሪዎችን ሲያስመርቅ በአፋን ኦሮሞ ማማከር የሚችሉ ወጣቶች ይወጣሉ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚነሳው የምስጢር ጥያቄ ነው፤ ትንሽ ከተማ ላይ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው የጎረቤት ልጅ ከሆነች ሰው ከበር ይመለሳል። ምክክሩ ከሌላው ሕክምና ጋር በአንድ በር ቢገባ ማን ለምን እንደመጣ አይታወቅም።

ምክር ጥይት አያስቆምም፣ የተቃጠለ ቤትም አይሠራም። ለጥንዶች ምክር ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ለጠየቁ ባልና ሚስት ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግም በአብዛኛው የእሱን ፈለግ የተከተለ ነው። ያ ሦስት ወር አሁን ብዙ ጊዜ ለሽምግልና ብቻ ይውላል። የነቀምቴ፣ የጊምቢና የደምቢ ዶሎ ፍርድ ቤቶችና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ተነጋግረው ለፈቃደኞቹ የሠለጠነ አማካሪ ያቅርቡበት።