ለአያቱ መብራት የሠራው ልጅ

ልጅ ከኤሌክትሪክ ይራቅ የሚሉ ወላጆች ስጋት ይገባኛል። ነገሩ የቤት መስመር ከሆነ እኔም አልደራደርም፤ 220 ቮልት ሰው ይገድላል። የመኪና ባትሪ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። 12 ቮልት ደረቅ እጅ አይነዝርም። አደጋው እሳቱ ላይ ነው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በቀጥታ ከተነካኩ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ቀጭን ሽቦ በሰከንዶች ግሎ ልባሱ ይቀልጣል።

ይህን የማነሳው የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ ለአያቱ መብራት ልሥራ ስላለ ነው። የባለቤቴ ዓይን ደክሟል፤ ማታ ከመኪና ስትወርድ እግሯን የምታሳርፍበት አይታያትም። ልጁ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ ሦስት ነጫጭ ኤልኢዲዎች ነቅሎ፣ «አባባ፣ በቀጥታ መኪናው ባትሪ ላይ ልግጠማቸው?» አለኝ።

ቁጭ ብለን አሰላነው። አንዱ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ሦስቱ ሲቀጣጠሉ 9.6። ሞተሩ ሲጠፋ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ይሰጣል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን እስከ 14.4 ይደርሳል። ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል ቻይ አይደለም፤ ቮልቱ ትንሽ ሲያልፍበት የሚስበው ከረንት በብዙ እጥፍ ይጨምርና ይቃጠላል። ስለዚህ የተረፈውን 4.8 ቮልት የሚይዝ ሬዚስተር ያስፈልጋል። ለ20 ሚሊ አምፔር 240 ኦም ወጣ፤ እኛ 270 ገዛን፤ ትንሽ ቢደበዝዝ ዕድሜው ይረዝማል። ልጁ የኦምን ሕግ ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ለፈተና እንጂ ለአያቱ እግር ይሆናል ብሎ ግን አላሰበም ነበር።

እኔ ድርቅ ያልኩት በፊውዙ ነው። መስመሩን የወሰድነው ከመኪናው የውስጥ መብራት ነው፤ በሩ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። የመኪናው የራሱ ፊውዝ አለ፤ ነገር ግን እሱ የተመጠነው ለወፍራሙ ሽቦ እንጂ ለእኛ ቀጭን ሽቦ አይደለም። ስለዚህ ከተቀጠለበት ቦታ አንድ ስንዝር ሳይርቅ የ1 አምፔር ፊውዝ አስገባን። ፊውዙ መብራቱ ጋ ቢሆን ኖሮ ከእሱ በፊት ያለው ሽቦ ሁሉ ጠባቂ አይኖረውም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታን። ኔጌቲቩ የሚቀድመው ምክንያት አለው፤ የመኪናው አካል ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ቁልፉ ብረት ቢነካ ምንም አይፈጠርም። ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ አካሉን ሲነካበት ብልጭታውን ያያል፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። የጋብቻ ቀለበቴንም አወለቅኩ። ባለቤቴ «ደግሞ ምን አሰብክ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሽቦው ብረት አቋርጦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ አድርገናል፤ የብረት ጠርዝ በንዝረት ብዛት ልባሱን ይበላዋልና። መጋጠሚያዎቹን ለማያምነው ልጅ ቴስተር ሰጥቼው አንድ በአንድ ለካ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ግን ቢጫ ሽቦ አጠገብ ማንም ልጅ እንዳይደርስ፤ ያ የባለሙያ ነው።

መብራቱ 20 ሚሊ አምፔር አይሞላም። በሩ ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ ቢያድር ከባትሪው የሚወስደው ከሩብ አምፔር ሰዓት በታች ነው፤ ባለ 5 ዋቱ የድሮ አምፖል ግን 5 አምፔር ሰዓት ገደማ ይበላ ነበር። አሁን ልጁ ለቀሩት ሦስት በሮች ኤልኢዲ እያሰባሰበ ነው። ፊውዞቹን እኔ ገዝቻለሁ።