ባጃጁ የማን ነው?

በጥንታዊት ሮም አንድ ሰው ቆንስል ሆኖ ተመርጦ፣ ጦር መርቶ፣ አገር ሲያስተዳድር ቢውልም፣ አባቱ በሕይወት እስካለ ድረስ በራሱ ስም አንድ በሬ እንኳ ሊኖረው አይችልም ነበር። የገዛው ሁሉ የአባቱ ነው። ሃምሳ ዓመት ቢሞላው፣ ልጆች ወልዶ ቢድር ያው ነው። ከጊዜ በኋላ ወታደር በውትድርና ያገኘውን ለራሱ እንዲይዝ ተፈቀደለት እንጂ ሌላው ባለበት ቆየ። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሕግ ሊቅ ጋይዮስ ሰዎችን ለሁለት ይከፍላቸዋል። በራሳቸው ሥልጣን ሥር ያሉት ‘ሱዊ ዩሪስ’፣ በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ያሉት ደግሞ ‘አሊዬኒ ዩሪስ’ ይባላሉ።

ልጁን ነፃ ለማውጣት የነበረው ሥርዓት እስከ ዛሬ ያስቀኛል። አባት ልጁን ሦስት ጊዜ ከሸጠው ልጁ ከአባቱ ሥልጣን ይውጣ የሚል ደንብ በአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ተጽፎ ነበር። ጨካኝ አባትን ለመቅጣት የወጣ ይመስላል። የሕግ አዋቂዎቹ ግን ዘዴ አበጁለት፤ አባት ልጁን ለወዳጁ ‘ይሸጣል’፣ ወዳጅየው ይለቀዋል፣ ልጁ ተመልሶ አባቱ እጅ ይገባል፣ እንደገና ይሸጣል። በሦስተኛው አበቃ። ለሴት ልጅ አንድ ሽያጭ ይበቃት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

እኔ ሐዋሳ ጉዱማሌ አካባቢ ጥብቅና ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። ላቲኑን በተማሪነቴ ለፈተና ሸምድጄ ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ አንድ ጎልማሳ ደንበኛ ነው።

«እህቴ፣ አባቴን በፍርድ ቤት አሳግጅልኝ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«ምን አጠፉ?»

«ባጃጁን ለታናሽ እህቴ ሊሰጣት ነው።»

«ባጃጁ የማን ነው?»

«የሱ። ግን አርጅቷል፤ ማንበብም አይችልም።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ብርቅ አይደለም። ብዙ ሰው አባቱ ሲያረጅ፣ እናቱ ዓይኗ ሲደክም፣ የመወሰን መብት በራሱ ጊዜ ወደ ልጅ የሚዞር ይመስለዋል። ሕጉ ተቃራኒውን ነው የሚለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው ሕግ ችሎታ የለውም ካላለው በስተቀር የማኅበራዊ ኑሮ ተግባሮችን ሁሉ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 196 ደግሞ ችሎታ ይገመታል ይላል። እንግዲህ ሽማግሌው ጤነኛ ነኝ ብለው ማስረጃ ይዘው አይዞሩም። የለውም የሚል ሰው ነው ማስረዳት ያለበት።

ጎልማሳው ግን ዝም ብሎ አልሄደም። «ገንዘብ ያባክናል» አለ። ቀዳዳዋን ማን እንደነገረው እንጃ! በእርግጥም አንቀጽ 339 ሰካራምና አባካኝ እንደ ነገሩ ሁኔታ እንደ አእምሮ ሕመምተኛ ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ይናገራል። ይህም ከሮም የመጣ ነው፤ እነዚያው አሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች አባካኙን ከንብረቱ አስተዳደር ይከለክሉት ነበር። ሆኖም ባጃጅ ለገዛ ልጅ መስጠት ማባከን አይደለም። ክልከላውንም የሚወስነው ዳኛ ነው፤ ዳኛውም ሰውየውን ራሱ ሳያይ ወይም ሳያስመረምር አይወስንም። «ችሎት ፊት ቆመህ አባቴ አብዷል ትላለህ?» ስለው አቀረቀረ።

ማንበብ አለመቻል ችሎታን አይነጥቅም። ሕጉ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ብቻ ነው። በአንቀጽ 1728 መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር ሰው በውል ላይ ያኖረው የጣት አሻራ የሚያስገድደው ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ከተረጋገጠ ነው። ቀለም የነካ አውራ ጣት ቢሮ ውስጥ ወረቀት ላይ ስላረፈ ብቻ አይበቃም። ልጆች አባታቸውን አስተኝተው አሻራ የሚያስነኩበት ዘመን አላለፈም፤ ስለዚህ ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ። ዓይነ ስውራን ወገኖቼ ደግሞ መፈረም እየቻልን ለምን እንደዚህ እንቆጠራለን ብለው ይከራከራሉ። እነሱም እውነት አላቸው።

የማልወደው አንቀጽ 635 ነበር። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስት ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር፤ የሮማው አባት በሌላ ስም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ ባልና ሚስት እኩል መብት እንዳላቸው እስኪደነግግ ድረስ አርባ ዓመት ኖረ። ዛሬም ግን «ባለቤቴን ላስፈቅድ» ብላ ለራሷ የደመወዝ ሒሳብ ውክልና ሳትሰጥ የምትመለስ መምህርት አጋጥማኛለች።

‘ሱዊ ዩሪስ’ ከፍርድ ቤት ውጭም አልሞተም። ካቶሊካውያን የራሳቸው ሥርዓትና ሕግ ያላቸውን የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል፤ በግዕዝ ሥርዓት የምትቀድሰው የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አንዷ ናት። የኤርትራዋም በጥር 2007 ዓ.ም. በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ውሳኔ ከእርሷ ተለይታ ራሷን ችላለች።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ጉዱማሌ ስል ሐይቁ ዳር ያለውን ሜዳ ነው። የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትን ተከታትለው ቀኑን ሲለዩ የዘመን መለወጫው ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት፣ ቄጣላ የሚዜምበት ነው። ሕዝብም እንደ ሰው ‘ሱዊ ዩሪስ’ ይሆናል ወይ ብትሉኝ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 47 አሳያችኋለሁ። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል፣ ድምፁ ከደገፈ ክልል ይሆናል። ሲዳማ በዚህ መንገድ ሄደ። ሕዝበ ውሳኔው ሳይደረግ ዓመቱ ሲያልፍ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ሐዋሳና ሌሎች ከተሞች የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት አዩ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ፤ ከመቶ 98.5 ያህሉ ክልልነትን መረጡ። ሲዳማ ሥልጣን የተረከበው ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።

ሮማዊ ልጅ ራሱን የሚችልባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ አባቱ በሕይወት እያለ ሲለቀው፣ ወይም አባቱ ሲሞት። ሲዳማ ከደቡብ ክልል የወጣው በመጀመሪያው ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም እንዲሁ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ግን የድሮው የደቡብ ክልል ራሱ ከካርታው ወጣ። ያኔ እንደ ማንኛውም የውርስ ጉዳይ የቀረው የንብረት ክፍፍል ነበር፤ እኛ ጠበቆችም ሥራ አላጣንም።