የቆዳን ወዝ ስለ መጠበቅና ስለ ባለሱቅ አደራ

በጎንደር ከተማ የቆዳ ጤንነትና ንግድ የቆየ ዝምድና አላቸው። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በቆዳ ሕመም በተቸገሩ ጊዜ፣ ለንግድ ጉዳይ ወደ ካይሮ የሄደው ሐጂ ዓሊ የተባለው ነጋዴ ሐኪም ይዞ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። እርሱም ፈረንሳዊውን ሐኪም ሻርል ፖንሴን አግኝቶ በስናር በኩል ይዞት ተጓዘ፤ ፖንሴም በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ንጉሡን አከመ። ዛሬ ስለ ሐኪም ካይሮ የሚላክ ነጋዴ የለም። ይሁን እንጂ የፊቱ ወዝ እንዳይጠፋ የሚያስብ ሰው ከሐኪም ቤት አስቀድሞ የሚደርሰው ከባለሱቁ ደጃፍ ስለ ሆነ፣ ባለሱቁ የሚሸጠውን ነገር ጠባይ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ቆዳን የሚያስረጀው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ፊትን አስቀድሞ የሚያሸበሽበውና የሚያጠቋቁረው በተለይ የፀሐይ ጨረር ነው። ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር፣ ቆዳን የሚጎዳው ዐልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ከመቶ ዐሥር እጅ ያህል ይበረታል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅም ከ2,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ የደጋው ሰው አየሩ ስለ ቀዘቀዘ ፀሐዩ የማይጎዳው ይመስለዋል እንጂ ጨረሩስ ከቆላው ይልቅ ይበረታበታል። ጥቁር ቀለማችን የተፈጥሮ ጋሻ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን የሚመክት ጋሻ አይደለም። እንግዲህ ወጪ ከማያስወጡት መከላከያዎች ሁሉ የሚቀድሙት ባርኔጣ፣ ጃንጥላና በራስ ላይ ጣል የሚደረግ ነጠላ ናቸው። ከተፈጥሮ የቆዳ ቀለም ሳይኖራቸው ለተወለዱ ወገኖቻችን ግን ይህ የውበት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ፀሐይ የቆዳ ካንሰር ታመጣባቸዋለችና። ጨረር የሚከላከል ቅባት የሚያስመጣ ነጋዴም ከትርፉ ጋር ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል።

ሁለተኛው ጠላት ድርቀት ነው። ለዚህም እናቶቻችን መድኃኒቱን ያውቁት ነበር። ለጋ ቅቤ በራስና በገላ ላይ ሲቀባ በቆዳው ውስጥ ያለው እርጥበት በነፋስ ተንኖ እንዳይጠፋ ይሸፍናል። የኑግና የሰሊጥ ዘይትም እንዲሁ ያደርጋል። በሰሜኑ አገር ሙሽሮችና አራሶች ቅባት ተቀብተው የሚሞቁት የወይባ ጢስ ገላን ያለሰልሳል፣ መዓዛም ይሰጣል፤ ሆኖም ጢስ ለሳንባ የማይስማማ ስለ ሆነ አየር በሌለው ቤት ሊያዘወትሩት አይገባም። እነዚህ ሁሉ ቆዳን ያለዝባሉ እንጂ ያለፈ ዕድሜን አይመልሱም። ይመልሳሉ ብሎ የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን ማታለሉ ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን የጥሬ ዕቃ ድሃ አይደለችም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ማር ባለበትም ሰም አለ። ሰም ከዘይትና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የፊት ቅባት እንደሚሆን ዓለም ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ሰሊጡም በውጭ ገበያ የሑመራና የጎንደር ዓይነት እየተባለ በስሙ ይጠራል። የመተማ ዕጣን ደግሞ በባሕር ማዶ ለሽቱ ሥራ ይፈለጋል። ነገር ግን እኒህ ሁሉ በአብዛኛው ጥሬ ሆነው ይወጣሉ፤ በትንሽ ብልቃጥ ተሞልተው፣ ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳሉ። ገንዘባቸውን አስተባብረው፣ ንጽሕናው በተጠበቀ ስፍራ፣ በባለሙያ ምክር ቅባት ለመሥራት ለሚነሡ ነጋዴዎች መንገዱ ክፍት ነው።

አሁን ወደ አሳሳቢው ነገር እንምጣ። በየገበያው ፊት ያቀላል፣ ያጠራል እየተባለ የሚሸጥ ቅባት አለ። ከዚህ ዓይነቱ አንዳንዱ ሜርኩሪ ያለበት ሲሆን፣ ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን የተባለውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረዥም ጊዜ ሲቀቡት፣ ሊያቀላ የታሰበውን ፊት ጭራሹን ሊያጠቁረው ይችላል። ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ቆዳን ያሳሳል። ወጣት መስሎ ለመታየት የተገዛው ዕቃ በዚህ ዓይነት ፈጥኖ ያስረጃል። በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከንግድ እንዲወጡ ወስኗል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መዋቢያዎችን ጭምር በቁጥጥር ሥር አድርጓል።

ስለዚህ አስመጪው የዕቃውን ዝርዝር ይዘት በጽሑፍ ሳይቀበል ግዢውን አይፈጽም። ባለሱቁም የሠሪው ስም፣ የተሠራበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ብልቃጥ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይቀበል። ደንበኛ ዛሬ በርካሽ የገዛችው ቅባት ፊቷን ቢያበላሸው፣ ነገ የምታነሣው የፋብሪካውን ስም ሳይሆን የሸጠላትን ባለሱቅ ስም ነው።