ፀሐይ ገብቶበት የማያውቅ የጨረቃ ጉድጓድ



ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ እንጨት ተክለን የዐስር ሶላትን ወቅት በጥላ ማወቅ እንችላለን። ፀሐይ ከአናት ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ጥላው ይረዝማል፤ የቀትሩ ጥላ ሳይቆጠር ከእንጨቱ ቁመት ጋር ሲስተካከል ዐስር ይገባል። በሕንፃዎቹ ሥር ያለው ጥላም ቀኑን ሙሉ ቦታ ሲለዋውጥ ይውላል። ጨረቃ ላይ ግን ከቦታው የማይነቃነቅ ጥላ አለ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የምድር ዛቢያ በ23.5 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ሲሆን የጨረቃ ግን 1.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በጨረቃ ዋልታዎች ላይ ፀሐይ ከፍ አትልም፤ ዓመቱን ሙሉ አድማሱን ታካ ትዞራለች። የጥልቅ ጉድጓዶችን አፍ ታበራለች እንጂ ወለላቸው አትደርስም። በደቡብ ዋልታ የሚገኘው ሻክልተን 21 ኪሎ ሜትር ስፋትና ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። የወለሉ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ነው።

በእንዲህ ያለ ብርድ ውስጥ የገባ ውሃ በረዶ ሆኖ ይቀራል። መስከረም 29 ቀን 2002 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2009) ናሳ ሥራውን የጨረሰ የሮኬት ክፍል ካቤየስ ከተባለው ጉድጓድ ጥላ ውስጥ ሆን ብሎ እንዲወድቅ አደረገ። ከተነሣው አቧራ ጋር ወደ 155 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ውሃ ተለካ።

በዚያው በደቡብ ዋልታ አካባቢ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ «ኢብን ባጃ» የሚባል ጉድጓድም አለ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1138 ፌዝ ከተማ ላይ ለሞተው የአንዳሉስ ሙስሊም ፈላስፋና የሥነ ፈለክ ሊቅ መታሰቢያ ነው።

ታዲያ አገሮች ለምን ወደዚያ ይሽቀዳደማሉ? ውሃው ይጠጣል፤ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተብሎ ሲለያይ ደግሞ ለመተንፈሻና ለሮኬት ነዳጅ ይሆናል። የህንዷ ቻንድራያን-3 ነሐሴ 17 ቀን 2015 ወደ ደቡብ ዋልታ አቅጣጫ ያረፈችውም በዚሁ ፉክክር ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የሕዋ ስምምነት ማንም አገር ጨረቃን የግሌ ነች እንዳይል ይከለክላል። ተቆፍሮ የወጣው በረዶ የማን እንደሚሆን ግን በግልጽ አላስቀመጠም፤ ክርክሩም አልተቋጨም። ዲናችን ውሃ የሰዎች የጋራ ሐብት መሆኑን አስተምሮናል። ይህ ክርክር እኛንም የሚመለከተን ለዚህ ነው። ልጆቻችን ሒሳብና ፊዚክስ እንዲማሩ ስናበረታታ ውሳኔው በሚሰጥበት ቦታ ድምፅ እንዲኖራቸው እያዘጋጀናቸው ነው።

ወላሁ አዕለም።